መብራት ዘበኛ ይሆናልን?



ቤቱንና ሱቁን ከሌባ ለመጠበቅ መብራት የሚሰቅል ሰው በየከተማው እየበዛ ነው። እኔ በምኖርባት በመቂም ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት የሽንኩርትና የቲማቲም መጋዘኖች፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር መለዋወጫ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ከዚያም አልፎ በወር ደመወዝ የሚተዳደረው የእኔ ቢጤ ግቢ ሳይቀር፣ በደጃፉ አንድ ፓውዛ ሳይሰቅል የሚያድር ጥቂት ነው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መብራቱ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ለማን እንደሚያበራ፣ ኤሌክትሪክ የጠፋ ለት ምን እንደሚደረግ፣ ይልቁንም ንብረት ይጠብቃል ተብሎ የተዘረጋው ሽቦ ሰው እንዳይገድል ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ የሚነጋገር ሰው እምብዛም አላገኘሁም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለአንባብያን እንዳካፍል በጋዜጣዎ ዓምድ ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የኤሌክትሪክ ሙያተኛ አይደለሁም፤ የምጽፈውም ከሚያውቁት ጠይቄ፣ ያገኘሁትንም አንብቤ ነው። ደግሞም የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ቈጥቦ ለገዛው ቴሌቪዥንና ለሠራት አንዲት ክፍል ቤት የሚጨነቀውን ያህል ባለጠጋው ነጋዴ ለመጋዘኑ የሚጨነቅ አይመስለኝም። ነጋዴው ቢሰረቅ ሌላ ጭነት ያመጣል፤ ሠራተኛው ግን የተሰረቀበትን ለመተካት ዓመት ይፈጅበታል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ከተማችን ጥቂት ልበል። መቂ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሞጆ ተነሥቶ አሁን ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ለኤሌክትሪክም ባዳ አይደለችም። ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ኢጣልያ ስለ ጦርነቱ በከፈለችው ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ 43 ሜጋዋት ያህል እንዲያመነጭ የተተከለውን የቆቃን ግድብ ያገኛል። ወደ ደቡብ የወረደ ከሐይቁ ባሻገር በአሉቶ ተራራ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተተከለውን ጣቢያ ያያል። በአዳማ ኮረብቶች ላይ ደግሞ የነፋስ መዘውሮቹ ከሩቅ ይታያሉ። ከሁሉም በላይ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ይህ ሁሉ ኃይል በዙሪያችን እያለ መብራት ለምን ይጠፋል የሚል ሰው በየሻይ ቤቱ አይታጣም። ነገር ግን ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ እስከ ደጃፍ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ኃይሉ በ15 ወይም በ33 ሺህ ቮልት መስመር ወደ ከተማው ይገባና በየሠፈሩ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ወርዶ በ220 ቮልት ለቤታችን ይደርሳል። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት፣ ወይም ነፋስ ሽቦውን ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ሲያማታው፣ ወይም አንድ ከባድ መኪና ምሰሶ ሲገጭ፣ ግድቡ ቢሞላም ሠፈሩ ይጨልማል። ስለዚህ ንብረቱን በመብራት ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያው መብራቱ አንድ ቀን እንደሚጠፋ አውቆ መነሣት ይገባዋል። ወደዚህ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ አሰቃቀሉ። አብዛኛው ሰው ፓውዛውን ገዝቶ ሲመጣ የሚጠይቀው “ስንት ዋት ነው?” ብሎ ነው። ብርቱ ብርሃን ከሆነ ብርቱ ጥበቃ ነው ብሎ ያምናል። ከዚያም በአጥሩ አናት ላይ ፊቱን ወደ መንገድ አቅንቶ ይሰቅለዋል። በዚህ ጊዜ በመንገዱ የሚያልፈው ጎረቤት ዓይኑን በእጁ ጋርዶ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል እንጂ ወደዚያ ግቢ አይመለከትም። ከፓውዛው ጀርባ ያለው የአጥሩ ጥግ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ሰው ከብርሃን ወጥቶ ጨለማን በሚገባ ለማየት ዓይኑ እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ለማጥበርበር ግን ቅጽበት ይበቃል። ሌባው ከጀርባው ሲመጣ ዓይኑ ጨለማውን ለምዶ ነው የሚመጣው። እንግዲህ በዚያ ሌሊት የተጠቀመው ማን ነው?

ይህን ነገር ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ በሚገባ ያስረዱኝ አንድ የሽንኩርት መጋዘን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ጌታቸው በበሩ ላይ ብርቱ ፓውዛ ሰቅሎ ከሥሩ ወንበር አኑሮላቸዋል፤ እርሳቸው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመንገዱ ማዶ፣ ከቆመ ጋሪ ጥግ ተቀምጠው ያድራሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “ጌታዬ፣ ከመብራቱ ሥር ከተቀመጥሁ የሚታየው እኔ ነኝ፤ እኔ ግን ማንንም አላይም። ሌባ ዘበኛው የት እንዳለ ካወቀ ግማሽ ሥራውን ጨርሶ የለም እንዴ?” አሉኝ። ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ደመወዝ ቢጨመርበት ደስ ይለኝ ነበር።

የሚሻለው እንዲህ ነው። መብራቱ ከሦስት እስከ አራት ሜትር ከፍታ ላይ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀል፤ ፊቱም ወደ ታች ይደፋ፤ አናቱ ላይ እንደ ባርኔጣ ያለ ክዳን ቢኖረው የተሻለ ነው። ከአንድ ብርቱ መብራት ይልቅ ሁለት ደካሞች ይሻላሉ፤ አንዱ የሚጥለውን ጥላ ሌላው ያነሣዋልና። ብርሃኑም የሚያርፈው በመዝጊያው፣ በቁልፉ፣ በግድግዳውና በሚመጣው ሰው ፊት ላይ ይሁን እንጂ በአላፊው ዓይን ላይ አይሁን። ግድግዳው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ከተቀባ ትንሽ አምፖል ብዙ ያበራል፤ ከፊቱ የሚቆም ሰውም እንደ ሥዕል ጎልቶ ይታያል። ከሐይቁ ብዙም ስለማንርቅና የወባ አገርም ስለ ሆነ ደግሞ ነጣ ብሎ ወደ ሰማያዊ ከሚያደላው አምፖል ይልቅ ብጫማው ይመረጣል፤ ተባይ የመሳብ ኃይሉ ያነሰ ነውና።

ይህን ያልሁት በግምት ብቻ አይደለም። በሌላው ዓለም መብራት ወንጀልን ይቀንስ እንደሆነ ብዙ ተመርምሯል። ዌልሽና ፋሪንግተን የተባሉ ሁለት የወንጀል ጥናት ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 በአሜሪካና በእንግሊዝ የተደረጉ 13 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ የመንገድ መብራታቸው በተሻሻለላቸው ሠፈሮች ወንጀል ካልተሻሻለላቸው ጋር ሲነጻጸር በ21 ከመቶ ያህል ቀንሶ አገኙ። የሚያስደንቀው ግን የሌሊቱ ወንጀል ከቀኑ ወንጀል ይበልጥ አለመቀነሱ ነው። ቀን መብራት አይበራ! ታዲያ የቀኑ ለምን ቀነሰ? ሊቃውንቱ የሰጡት ምክንያት ሠፈራቸው የተሻሻለላቸው ሰዎች ሠፈሩን የራሳቸው አድርገው መጠበቅ ስለ ጀመሩ ነው የሚል ነው። በኒው ዮርክ በ2016 በመንግሥት የኪራይ ቤቶች መካከል ብርቱ የመብራት ማማዎች ተተክለው በተደረገው ሙከራ ደግሞ ከቤት ውጭ በሌሊት የሚፈጸሙት ከባድ ወንጀሎች በ36 ከመቶ ያህል መቀነሳቸው ተነግሯል። በሌላ በኩል በእንግሊዝና በዌልስ 62 የአካባቢ አስተዳደሮች ገንዘብ ለመቈጠብ የመንገድ መብራታቸውን ሲያደበዝዙና ሲያጠፉ ወንጀል ስለመጨመሩ ማስረጃ አለመገኘቱን በ2015 የወጣ ጥናት አመልክቷል።

እነዚህ ጥናቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን የሚሉት አንድ ነው። መብራት ብቻውን ማንንም አይዝም። የሚይዘው፣ የሚያስደነግጠውና የሚያሳፍረው በብርሃኑ የሚያይ ሰው ነው። የሚያይ ሰው በሌለበት ግቢ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ፓውዛ ሌባው የእጅ ባትሪ ከመያዝ እንዲያርፍ ከማድረግ በቀር የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው።

አባቶቻችን ይህን አላጡትም። በኩራዝና በፋኖስ ዘመን የሠፈር ጥበቃ እሪታ ነበር፤ እሪ ሲባል የሰማ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣ ነበር። ንብረት የጠፋ እንደ ሆነም አገሬው በአፈርሳታ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ሥራውን ፈትቶ ይቀመጥ ነበር። የአፈርሳታን መከራ የሚያውቅ ሰው ይመለስ ብሎ አይመኝም፤ ንጹሑንም ከወንጀለኛው ጋር አጒላልቷልና። ነገር ግን የጎረቤት ንብረት የጎረቤት ጉዳይ ነው የሚለው ሥሩ ትክክል ነበር። ዛሬ ግን አጥራችን በቆርቆሮ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ተከልሎ፣ እያንዳንዳችን መብራታችንን ለየራሳችን አብርተን፣ የጎረቤታችን ፓውዛ በመኝታ ቤታችን መስኮት ገብቶ እንቅልፍ ሲነሣን እንጣላለን። በሠፈራችን በዚህ ምክንያት ስድስት ወር ያልተነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች አውቃለሁ። በመጨረሻ የአንደኛው የመታጠቢያ ቤት ጣራ ላይ ወጥቶ ፓውዛውን አንድ ስንዝር ወደ ታች ማዘንበል ብቻ ነገሩን ጨረሰው።

ስለ ወጪውም እንነጋገር፤ ደመወዝተኛ ነንና። በአገራችን ሌሊት ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ያህል ነው፤ በእኛ አካባቢ ከረጅሙ ሌሊት እስከ አጭሩ ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ግን በወር 3.6 ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም ብርሃን ለአንድ ደጃፍ ይበቃል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ከፍ ባለ ቍጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ የሚልበት እንደ ሆነ፣ ርካሹም የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ በበር ላይ የሚሰቀለው አንድ የድሮ አምፖል ለምግብ ማብሰያና ለቤት ውስጥ መብራት የታሰበውን ርካሹን ክፍል አብዛኛውን ሌሊት ይበላዋል ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲሻሻል ስለ ተወሰነ ሂሳቡን አሁን ማስላት ይጠቅማል።

ሲመሽ ራሱ የሚያበራ፣ ሲነጋ ራሱ የሚያጠፋ ፎቶሴል የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ቀኑን ሙሉ ሲበራ የሚውል መብራት ባለቤቱ እቤት እንደሌለ ለሌባ የሚናገር ደብዳቤ ነው፤ ፎቶሴሉ ይህን ያስቀራል። የሰውን አካል ሙቀት እንቅስቃሴ ተከትሎ የሚበራ ሴንሰር ያለው መብራትም በገበያ አለ። ለጓሮና ለመተላለፊያ እጅግ መልካም ነው፤ ጨለማ የነበረ ቦታ ድንገት ሲበራ ጎረቤትም ቀና ይላልና። ከመንገድ ዳር ከተሰቀለ ግን ላለፈ ውሻና ለጋሪ ፈረስ ሁሉ ሲበራ አድሮ በሦስተኛው ቀን የሚያየው ሰው ያጣል።

አሁን ኤሌክትሪክ ወደሚጠፋበት ሌሊት ልመለስ። ሌባ የሚመርጠው ይህን ሌሊት ነው። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያለው ሱቅ ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ እየበራ ብቻውን ሊጨልም ይችላል፤ ባለቤቱ ካርዱን ሳይሞላ ዘግቶ ይሄዳልና። ቅዳሜ ማታ ሱቁን ዘግቶ እስከ ሰኞ የሚቆይ ሰው ከቁልፉ በፊት ቆጣሪውን ይመልከት።

ለመጠባበቂያ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ባለ 10 ዋቱ ኤልኢዲ በ12 ሰዓት የሚፈልገው 120 ዋት ሰዓት ነው። 12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ 240 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሹ በላይ ማራቈት አይገባም፤ ግማሹ ልክ አንድ ሌሊት ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ አይታጣምና በሶላር መሙላት ይቻላል። የሶላሩ ሰሌዳ ፊቱ ወደ ደቡብ ሆኖ ጥቂት ዘንበል ይበል፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድለት ነው። በበጋ ግን የመቂን አቧራ የሚያጥብ ዝናብ የለምና በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ሶላሩ ራሱ ዘበኛ እንደሚያስፈልገው አይዘነጋ፤ ዝቅ ካለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ካደረ ከነመብራቱ ይሄዳል። ጄኔሬተር ያለው ነጋዴ ደግሞ ሞተሩን በተዘጋ ሱቅ ወይም ዘበኛው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ እንዳያስነሣ አደራ እላለሁ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው መርዝ የተኛውን ሰው ሳያስነሣ ይገድለዋል። ኃይሉ ተመልሶ ሲመጣም ቮልቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን ነቅሎ አንድ አምፖል ብቻ ትቶ መጠበቅ ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

እስከዚህ ያልሁት ስለ ንብረት ነው። አሁን ብዕሬን ያስነሣኝን ነገር ልናገር።

በሠፈራችን አንድ ባለ መጋዘን ሌባ ደጋግሞ ስለ ተዳፈረው፣ ከቆጣሪው አንድ ሽቦ አውጥቶ በቆርቆሮው አጥር አናት ላይ ከተዘረጋው እሾሃማ ሽቦ ጋር አገናኘው። ማታ ማታ ማብሪያውን ይጫናል፤ ጠዋት ያጠፋዋል። ለማንም አልተናገረም፤ ቢናገር ሌባውም ይሰማል ብሎ ይሆናል። አንድ ማታ የሠፈሩ ልጆች በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ ኳሷ አጥሩን ዘልላ ገባች። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በቆርቆሮው ማገር ተንጠላጥሎ ወጣና ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውስጥ ተመለከተ። እናቱ ጮኻ አወረደችው፤ ስታወርደውም ከእሾሃማው ሽቦ ጋር በናስትሮ የታሰረውን ሌላ ሽቦ አየች። ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ አንድ ጎልማሳ ተጠርቶ ቢከተለው ሽቦው ከባለ መጋዘኑ ማብሪያ ደረሰ፤ ማብሪያውም ተጭኖ ነበር። ልጁ የዳነው በዚያ ሰዓት በሠፈሩ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ስለ ነበር ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ።

“ጋሼ፣ እባክዎ ሽቦውን ያንሡልን” ብትለው፣ “እኔ ያጠመድሁት ለሌባ ነው፤ አንቺ ልጅሽን ያዢ” አላት። ሽማግሌዎች ገብተው ሁለት ቀን ከለመኑት በኋላ ነው ያነሣው። ሌላ ቦታ ሽማግሌ ያልገባበት ስንት አጥር እንዳለ እግዚአብሔር ይወቅ።

የቤት ኤሌክትሪክ የሰውን አካል የሚጐዳው እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ አይከፋም። የሰው አካል የሚያሳየው መቋቋም እንደ ሁኔታው ይለያያል፤ አንድ ሺህ ኦም ያህል ነው ብንል 220 ቮልት የነካው ሰው 220 ሚሊአምፔር ያህል ያልፍበታል። የልብን ምት አዛብቶ ለመግደል ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል። በሠለጠነው ሥራ 30 ሚሊአምፔር እንኳ ወደ መሬት ሲያመልጥ በቅጽበት መስመሩን የሚቈርጥ መከላከያ ብሬከር የሚገባው ለዚህ ነው። እጅ የረጠበ፣ እግር ባዶ፣ መሬቱም የዘነበበት ከሆነ አደጋው የባሰ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከእሾሃማው ሽቦ ወደ ቆርቆሮው ይተላለፍና አጥሩ በሙሉ ይነዝራል፤ በዚያ ጊዜ በአጥሩ የሚደገፍ ሁሉ፣ ባለቤቱም ጭምር፣ ሌባ ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው።

“በሌላ አገር የኤሌክትሪክ አጥር አይደለም ወይ?” የሚሉ አሉ። አለ፤ ነገር ግን ያ ሌላ ዕቃ ነው። ለዚያ የተሠራ መሣሪያ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል እጅግ አጭር ንዝረት እየሰጠ የነካውን ሰው ያስደነግጣል እንጂ አይዘውም፤ በአጥሩም ላይ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ከቆጣሪ የወጣ ሽቦ ግን የያዘውን አይለቅም።

ሕጉም ዝም አይልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ543ኛው አንቀጽ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ያስቀጣል፤ ሰው ሊሞት እንደሚችል አውቆ ምን ቸገረኝ ብሎ ያጠመደ ሰው ደግሞ ቸልተኛ ብቻ ነበርሁ ብሎ ለማምለጥ ይከብደዋል። አንድ ኩንታል ሽንኩርት የሰረቀ ሌባ ቢያዝ የሚፈረድበት እስራት ነው። ለዚያ ሽንኩርት ሞት የሚፈርድ ዳኛ በአገሩ የለም፤ እንዴት ሽቦ ይፈርዳል?

ሰው ተይዞ ያየ ሰውም በእጁ እንዳይጐትት ይጠንቀቅ። መጀመሪያ ኃይሉን ያጥፋ፤ ማጥፋት ካልቻለ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ያላቅቅ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሕክምና ያድርስ።

ከዚህ ያነሰ የሚመስል፣ ነገር ግን የማያንስ ሌላ አደጋ እሳት ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ በተሠራበት ቦታ እሳት ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። የመቂ ሱቆችም ግድግዳ የሚጋሩ ናቸው። ለጥበቃ ተብሎ የሚዘረጋው መስመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ችኰላ የበዛበት ነው። ቀጭን የሬዲዮ ሽቦ ተገዝቶ፣ መገናኛው በናስትሮ ሳይሆን በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተስቦ ይሄዳል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ጠርዙ ላስቲኩን ይቈርጠዋል። ፊውዙ ሲቃጠልም አዲስ ከመግዛት የመዳብ ክር ይታሰርበታል፤ ፊውዝ የተሠራው እንዲቃጠል እኮ ነው! ለመብራት መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና ባለ 10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትርና ባለ 16 አምፔር ቢደረግ፣ ከቤት ውጭ የሚሰቀለውም ዝናብ የማያስገባ ዓይነት ቢሆንና ብረቱ ከመሬት መስመር ጋር ቢያያዝ፣ ወጪው ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር የሚወዳደር እንጂ ከሱቅ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎችም ድርሻ አላቸው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ መንገዶችን በመብራት አድምቋል፤ ለዋና ጎዳና የታሰበው ለመቂ የውስጥ መንገድም ቢታሰብ መልካም ነው። ምሰሶ ቆሞ አምፖሉ ከተቃጠለ ወር ያለፈው ቦታ በእኛ ሠፈር አለ፤ አምፖሉን ለመተካት የሚጠይቀው አንድ መሰላልና አንድ ሰው ነው። የንግድ ፈቃድ ሲታደስ የሱቁ የኤሌክትሪክ መስመር በሙያተኛ መታየቱ ቢጠየቅ፣ በአጥር ላይ ኃይል ማገናኘት ክልክል መሆኑም በቀበሌው ስብሰባ በግልጽ ቢነገር እላለሁ። ነዋሪውም የወደቀ ሽቦ ወይም የሚፈነጥቅ ምሰሶ ሲያይ ቆሞ ከመመልከት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ስልክ ያመልክት።

በእኛ መስመር ያሉት 12 ባለ ሱቆች ግን የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ መነጋገር ጀምረዋል። አሳቡም እያንዳንዱ ከየራሱ ቆጣሪ አንድ ባለ 10 ዋት መብራት በአንድ ከፍታ ወደ ታች ደፍቶ እንዲሰቅል፣ ሁሉም ፎቶሴል እንዲገጥም፣ በመስመሩ ሁለት ጫፍ ያሉት ሁለት ሱቆች ደግሞ በጋራ ገንዘብ ባትሪና ሶላር እንዲያስገቡ፣ አንድ ዘበኛም በጋራ እንዲቀጠር ነው። እኔ ባለ ሱቅ ባልሆንም ቤቴ ከመስመሩ ጀርባ ስለ ሆነ ሂሳቡን እንድጽፍላቸው ተመርጫለሁ። 11ዱ ተስማምተዋል። ያልተስማማው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም “የእኔ መብራት ለጎረቤቴ ሱቅ ለምን ያበራል?” ባይ ነው። የፊታችን እሑድ እንደገና ልናነጋግረው ተቃጥረናል።

ከመቂ